ዳማ፣ ተመልካችና ሞንታርቦ

ጫጫታ የሚወድ ሰው ኮልፌ አጠና ተራ ይምጣ። አይሱዙው ባህር ዛፉን ሲያራግፍ መሬቱ እግር ሥር ይንቀጠቀጣል። ብረት ቤቶቹ ይቆርጣሉ፣ ይበይዳሉ። የታክሲ ረዳቱ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች! አንድ ሰው!» ሲል ውሎ ሲል ያመሻል፤ ቁራሌው በመሀል ያልፋል። ከዚህ ሁሉ መሀል ሁለት ሰዎች አንዲት የኮምፔርሳቶ ቁራጭ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዳማ ይጫወታሉ።

የአንዱ ቆርኪ በጀርባው፣ የሌላው በሆዱ ተቀምጧል። የነገሠች ቆርኪ ሌላ ቆርኪ ይደረብባታል። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ደግሞ ከተጫዋቾቹ የበለጠ ይደክማል። «ብላው እንጂ!» ይላል አንዱ። «ተው፣ ወጥመድ ነው!» ይላል ሌላው። «ጋሼ፣ በግራ በኩል ይዩ!» ሲል ሊስትሮው ጣልቃ ይገባል። ጋሼ ቀና እንኳ ሳይሉ «አንተ ጫማህን ጥረግ» ይሉና፣ ትንሽ ቆይተው በግራ በኩል ይሄዳሉ።

ፈረንጅ አገር ይህ ነውር ነው። በ1964 ዓ.ም. ክረምት ቦቢ ፊሸር ከቦሪስ ስፓስኪ ጋር ለዓለም የቼዝ ሻምፒዮና ሬይክያቪክ ላይ ሲገጥም፣ የቀረጻ ካሜራዎቹ ረበሹኝ ብሎ በሁለተኛው ጨዋታ ቀረ፤ በፎርፌ ተሸነፈ። ሦስተኛው ከተመልካች ርቆ በጓሮ ክፍል እንዲካሄድ ተደረገለትና አሸነፈ። የእኔ ሰው ግን ከእሱ በፊት ሻምፒዮን የነበረው ሚካኤል ቦትቪኒክ ነው። ቦትቪኒክ ለውድድር ሲዘጋጅ ሬዲዮ አስጩሆ፣ የልምምድ ጓደኛው የሲጋራ ጢስ ፊቱ ላይ እንዲያቦንበት እያደረገ ይጫወት ነበር። አጠና ተራ ቢመጣ ቦታ አያጣም።

የእኛው ቼዝ፣ ሰንጠረዥም ቢሆን የጸጥታ ጨዋታ አልነበረም። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል፤ እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመን ድረስም በመኳንንቱ ቤት ዘልቋል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደፈጠነ፣ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የባላጋራቸውን አሰላለፍ እያዩም የራሳቸውን ይቀይራሉ። ይህ «ወረራ» ይባላል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ከበላ በኋላ ነው። እንዲህ ግርግሩን ራሱን የጨዋታው ሕግ ያደረገ ሕዝብ ጫጫታ ያውከዋል ብዬ አላምንም።

ታዲያ የሚያውከው ምንድነው? ዳማ በጭንቅላት የሚያዝ ቅደም ተከተል ነው፤ እኔ ይህን ብሰጠው ይበላል፣ እሱ ከበላ እኔ ሁለት እበላለሁ፣ ከዚያ እሱ... የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለውን ቅደም ተከተል ክፉኛ የሚበትነው ወጥ ሆኖ የሚሰማ ድምፅ ሳይሆን እየተለዋወጠ የሚመጣ ድምፅ ነው፤ በተለይ ንግግር። የረዳቱ ጥሪ ሁሌም ያው ስለሆነ ጆሮ ይለምደዋል። የተመልካቹ ጩኸት ንግግር ነው፤ ግን የሚያወራው ስለ ሰሌዳው ነው፤ ደግሞም መልስ ይሰጠዋል፣ ይሰደባል፣ አንዳንዴም ይሰማል።

መልስ የማይሰጠው ሞንታርቦው ነው። በቅርቡ ተጫዋቾቹ ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት አንድ ልብስ ቤት ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ በረንዳው ላይ አቁሟል። ዘፈኑን አቋርጦ ዋጋ ይጠራል፣ ዋጋውን አቋርጦ ዘፈን ይለቃል። ጋሼ ሦስት ቆርኪ አስልተው አራተኛው ላይ ሲደርሱ «ሱሪ በቅናሽ!» ይመጣል። ሊስትሮው የሚለውም አይሰማቸውም፤ ለእኔ ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። በወጣው ደረጃ መሠረት የድምፅ ጣሪያው በመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ በንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55። ታች ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ የሆነው ኮልፌ ከየትኛው እንደሚመደብ የሚከራከር ይኖር ይሆናል። በበረንዳ ላይ ያለ ሞንታርቦ ግን ሁለቱንም ይጥሳል ብዬ ለመወራረድ ዝግጁ ነኝ፤ መለኪያውን ይዞ የሚመጣ ደንብ አስከባሪ ከተገኘ።

ባለሱቁ ይዝጋው አልልም፤ እሱም ኪራይ አለበት። ፊቱን ወደ ውስጥ ያዙረው። ሱሪ የሚገዛው ሰው ያለው እዚያ ነው።