ቁልፍና ፊደል አንድ አይደሉም

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና የሐሳቤን መነሻ አስቀድሜ ልናገር። ባለፈው ዓመት እኛ የኮምፒዩተር ክበብ ተማሪዎች አንድ የመጻፊያ ፕሮግራም ሠራን። በእንግሊዝኛ ስንሞክረው እንከን አልተገኘበትም። ነገር ግን አንዲት እኅታችን ሦስት ገጽ የአማርኛ ድርሰት ጽፋ፤ እንዲቀመጥላት የኮንትሮልንና የኤስን ቁልፍ ባንድነት ተጭና ዘጋችው። በማግሥቱ ድርሰቷ ጠፍቶ ተገኘ። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የእኛ ነበር።

ምክንያቱም ይህ ነው። ፕሮግራማችን የሚመለከተው የተነካውን ቁልፍ ሳይሆን የመጣውን ፊደል ነበር። የቁልፍ ሰሌዳው ወደ አማርኛ ሲዞር ያው ቁልፍ «ስ»ን ስለሚሰጥ፤ «ኤስ»ን ሲጠብቅ የነበረው ፕሮግራም ትእዛዙን ሳያውቀው ቀረ።

እንግዲህ ትእዛዝ ሲሆን ቁልፉን፤ ጽሕፈት ሲሆን ግን የተፈጸመውን ፊደል መቀበል ይገባል። የእኛ ፊደል ብዙውን ጊዜ ባንድ ምት አያልቅም። በተለመደው አጻጻፍ «ኤል» ሲነካ «ል» ይወጣል፤ «ዩ» ሲከተለው «ሉ» ይሆናል። ሺፍትም ለእንግሊዝኛው ፊደሉን ከማተለቅ አያልፍም፤ ለእኛ ግን «ት»ን ወደ «ጥ»፤ «ን»ን ወደ «ኝ» ይለውጣል። ስለዚህ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አንድ አድርጎ የሚቀበል ፕሮግራም «ጥናት»ን «ትናት» ያደርገዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «በላቲን ፊደል ብንጽፍ አይቀልምን?» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ከሁለት መቶ የሚበልጠውን ፊደላችንን በጥቂት ቁልፎች ለማስገባት ኢንጂነር አያና ብሩ በአማርኛው የጽሕፈት መኪና ደክመውበታል። ዩኒኮድም በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትሙ ፊደላችንን ተቀብሎታል። በዚህ በኮልፌ ቀራንዮ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ ያሉት የጽሕፈት ቤቶች የሰውን አቤቱታና ማመልከቻ የሚጽፉት በአማርኛ ነው። የአንዲት እናት ማመልከቻ እንደዚያ ድርሰት ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? ችግሩ ከፊደሉ ሳይሆን ከሠሪው ቸልተኝነት ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ማንኛውም ፕሮግራም የቁልፍ ሰሌዳው በአማርኛ ሆኖ ሳይጻፍበት፤ ሳይቀመጥበትና ተመልሶ ሳይነበብ ከክበባችን አይውጣ። ይህ ሙከራ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የጠፋው ድርሰት ግን የአንድ ሳምንት ድካም ነበር።