ስሙ አንድ፣ መኪናው ሁለት፦ ‹‹ፉል ኦፕሽን›› ሌላ ሞዴል ማለት ነውን?

በመኪና ገበያ ‹‹ፉል ኦፕሽን›› የሚለውን ቃል ያህል ዋጋ የሚያስጨምር አነጋገር ጥቂት ነው። ሻጩ ‹‹ይህኛው ሞዴሉ ሌላ ነው›› ይላል፤ ገዥውም ልዩነቱ ከሞተሩ ይሁን ከወንበሩ ልብስ ሳይለይ ይከፍላል። ሰሊጡን ሸጦ ለጭነት ሥራ ፒክአፕ የሚገዛ አርሶ አደርም ሆነ የዓመታት ቁጠባውን ለቤት መኪና የሚያውል የከተማ ነዋሪ በዚህ ቃል ምክንያት ብዙ ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የኦፕሽን ደረጃ ራሱን የቻለ ሞዴል ነው ወይ የሚለው ጥያቄ እንደ ተራ የቃላት ክርክር የሚታለፍ አይደለም።

አምራቾች አንድን መኪና በአንድ ስም፣ ነገር ግን በተለያየ የዋጋ ደረጃ ለገበያ ያቀርባሉ። በዝቅተኛው ደረጃ መስታወቱ በእጅ የሚዞር፣ ወንበሩ ጨርቅ የለበሰ ሊሆን ይችላል። ከፍ ባለው ደረጃ የአሉሚኒየም ቸርኬ፣ የቆዳ ወንበርና የኋላ ካሜራ ይጨመራሉ። ሻንሲው፣ ሞተሩና አካሉ ግን አንድ ናቸው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ኦፕሽን በአንድ ሞዴል ውስጥ ያለ ደረጃ ነው።

ገበያው ግን ሁልጊዜ በአምራቹ አጠራር አይሄድም። በሀገራችን ጎዳናዎች ለረጅም ዘመን ያገለገለው ‹‹ዲኤክስ›› ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ብዙ ሰው ዲኤክስን የመኪናው ስም አድርጎ ያውቀዋል። ሁለቱ ፊደላት ግን ‹‹ዴሉክስ›› የሚለው ቃል ምኅጻር ሲሆኑ፣ ቶዮታ ለኮሮላ ከሰጣቸው የደረጃ መጠሪያዎች አንዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የተመረተው አራተኛው ትውልድ ኮሮላ በእኛ ዘንድ በደረጃው ስም ተጠርቶ ቀረ። የደረጃ ስም በሰው አንደበት የሞዴል ስም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ተቃራኒው ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። አንድ ስም በእርግጥ የተለያዩ መኪኖችን ሊሸፍን ይችላል። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ በሻንሲው መለያ ሲታይ ‹‹ኤስሲፒ10›› 997 ሲሲ፣ ‹‹ኤንሲፒ10›› ደግሞ 1298 ሲሲ ሞተር አለው። ሁለቱም ቪትዝ ይባላሉ፤ የሞተር ዕቃቸው ግን አንዱ ለሌላው አይሆንም። በአንጻሩ ‹‹ኤፍ›› እና ‹‹ዩ›› የሚሉት ፊደላት የተገጠመውን ዕቃ ደረጃ ያመለክታሉ። ገዥውን የሚጠቅመው ከኋላ ከተለጠፈው ፊደል ይልቅ በሻንሲው መለያ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

የሕግና የጉምሩክ አሠራርም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዕቃዎች አመዳደብ የቤንዚን አውቶሞቢሎችን በ1000፣ በ1500 እና በ3000 ሲሲ ወሰን ይከፍላቸዋል። በዚህ መሠረት ሁለቱ ቪትዞች በተለያየ ምድብ ይወድቃሉ፤ የቆዳ ወንበር ያለውና የሌለው ግን በአንድ ምድብ ይቆያሉ። የአውሮፓ ኅብረት የተሽከርካሪ ፈቃድ ሕግም በአንድ የንግድ ስም ብቻ አይረካም። ተሽከርካሪዎችን በዓይነት፣ በዓይነቱ ሥር ባለ ልዩነት፣ ከዚያም በዝርዝር አሠራር በሦስት እርከን ይለያል።

ነገሩ ለአርሶ አደር እንግዳ አይደለም። ቢኤች-660 እና ቢኤች-540 ሁለቱም ‹‹ቢኤች›› የሚባሉ የበቆሎ ዝርያዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዘግይቶ የሚደርስ በመሆኑ የዝናቡ ወቅት ባጠረበት ቀበሌ ቢዘራ ገበሬው ይጎዳል። የአንዱ ዝርያ ዘር በሌላ ከረጢት መቅረቡ ግን ዝርያውን አይለውጠውም። መኪናም እንዲሁ ነው፦ ኦፕሽኑ ከረጢቱ፣ ሞተሩና ሻንሲው ዘሩ ናቸው።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው አዲስ መልክ ይዟል። በኤሌክትሪክ መኪና ‹‹ደረጃ›› የሚባለው ልዩነት ባትሪውንም ሊነካ ይችላል። ቢዋይዲ ሲጋል የተባለችው አነስተኛ መኪና በቻይና ገበያ የቀረበችው በ30.08 እና በ38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ነው። በቻይና የመለኪያ ዘዴ የመጀመሪያው 305፣ ሁለተኛው 405 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ከባሕር ዳር ጎንደር ደርሶ መልስ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለ ትንሹ ባትሪ በወረቀቱ መሠረት እንኳ ሳይሞላ አይመለስም፤ ባለ ትልቁም ዳገቱና የመንገዱ ሁኔታ ሲታሰብ ትርፍ አይኖረውም። ለእንዲህ ዓይነቱ መንገደኛ ሁለቱ አንድ መኪና ናቸው ማለት ያስቸግራል።

በፒክአፕና በትራክተርም ቢሆን በሁለት ጎማ የሚነዳውና በአራት ጎማ የሚነዳው አንድ ስም ይዘው ሊሸጡ ይችላሉ። በክረምት ጭቃ ወይም በመረሬ አፈር ላይ ግን ሥራቸው አይገናኝም።

ከዚህ በመነሳት ገዥው ‹‹የተለወጠው ምንድን ነው?›› ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል። ሞተሩ፣ ባትሪው፣ የጎማ አነዳዱ ወይም የመጫን አቅሙ ከተለወጠ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም መኪናው ሌላ ነው፤ መለዋወጫውና ወጪውም ለየብቻ ይታሰባል። የተለወጠው ወንበር፣ ቸርኬና ስክሪን ከሆነ ሞዴሉ ያው ነው፤ ጭማሪው ከእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ መብለጥ የለበትም።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፣ የሞተሩን ሲሲ ወይም የባትሪውን መጠን በመካኒክ ማረጋገጥ ይገባል። በሽያጭ ውሉ ላይም ‹‹ፉል ኦፕሽን›› ከሚል ጥቅል ቃል ይልቅ የሻንሲው ሙሉ መለያና የተገጠሙት ዕቃዎች በዝርዝር ቢጻፉ፣ ነገ ክርክር ቢነሳ ገዥው የሚያቀርበው ማስረጃ ይኖረዋል።