የነገርናችሁን መልሳችሁ ንገሩን

ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተመራማሪዎችና ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ኃላፊዎች



የምጽፍላችሁ ከጎንደር ቁስቋም፣ ከእቴጌ ምንትዋብ ፍርስራሽ ግቢ አጠገብ ሆኜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ፈንጣጣ እዚህ ግቢ ገብቶ ልጆቹን ሲጥል፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ሕሙማኑን አስታሟል። ያየውንም ጻፈ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1790 ኤድንብራ ላይ ታተመ። የታመምነው እኛ፣ ያነበቡት ሌሎች።

ዛሬ መዝጋቢው የራሳችን ልጅ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዩኒቨርሲቲው በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ማግሥት፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው ለገጠሩ ሰው ታስቦ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ዳባት ወረዳ ላይ የጀመራችሁት ምዝገባም ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍልሰትን ከየደጃፉ ይለቅማል። ሰው ሲሞት ጠያቂው ቤት ድረስ ሄዶ አሟሟቱን ከቤተሰቡ ይሰማል፤ የሞቱ ምክንያት የሚለየው ከዚያ ቃል ነው። ብዙ ሰው ሐኪም ሳያየው በሚሞትበት አገር ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

ግን እስቲ በመላሿ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ልጇን የቀበረች እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ትኩሳቱ መቼ ጀመረው? ትንፋሹ ይፈጥን ነበር? ጡት ይይዝ ነበር? እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትመልሳለች፤ ጠያቂው ጽፎ እስኪጨርስም ዝም ብላ ትጠብቃለች። እንግዳ ነውና ቡና ታፈላለታለች። የሰጠችው ቃል አደራ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

ጥናቱ በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ የዳባት ገበሬ ግን እንግሊዝኛ አያነብም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቤተሰብ ፎልደርና በታብሌት የመዘገበችውም ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ወደ ሚኒስቴሩ ይወጣል። የመውጫው መንገድ ተጠርጓል፤ የመውረጃውንም ጥረጉልን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን ገመና እንድትጠብቁ ያዛል፤ ደግ አዋጅ ነው። ስማችን ሳይነሳ ግን የቀበሌያችንን ቁጥር ልትነግሩን ትችላላችሁ።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ሕፃናታችን ዘንድሮ በምን እንደሞቱ፣ ከዚያም የትኛው በክትባት፣ በንጹሕ ውኃ ወይም ቶሎ ጤና ጣቢያ በመድረስ ይድን እንደነበር በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለእድሩ ዳኛና ለሰንበቴው ሙሴ ስጡ። ልጁን ክትባት ያስቋረጠ አባት ከእነሱ አፍ ሲሰማው ያፍራል፤ በማግሥቱም ይነሣል። ሴቶቹም በቡና ላይ ያወሩታል፤ ወሬው ከየትኛውም ፖስተር በላይ ይሄዳል።

ኅዳር 6 ቁስቋም ማርያም ስትነግሥ ሕዝቡ እዚሁ ደጅ ይሰበሰባል። ያን ቀን ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ።