ጉርሻ ደመወዝ አይደለም

ጉርሻ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ትርጉም ይዞ ይኖራል። አንደኛው የጥንቱ ነው፤ ይኸውም በአንድ ገበታ ከቀረቡት ሰዎች አንዱ እንጀራውን ጠቅልሎ ሌላውን የሚያጎርሰው ነው። ሁለተኛው ከተማ ያመጣው ነው፤ ይኸውም በምግብ ቤት ሂሳብ ከተከፈለ በኋላ ለአስተናጋጅ የሚተወው ገንዘብ ነው። ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩም አንድ ይመስለናል። ስለዚህ የሰጠውን ቸር፣ ያልሰጠውን ንፉግ ብለን ክርክሩን እዚያው እንዘጋዋለን። በበኩሌ ግን ጥያቄው የቸርነትና የንፉግነት አይመስለኝም። ጥያቄው የሠራተኛውን ደመወዝ መክፈል ያለበት ማን ነው የሚል ነው።

እስቲ ሁለቱን ጉርሻዎች እናስተያያቸው። በገበታ ላይ ያጎረሰ ሰው በተራው ይጎርሳል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ስለሚባልም ይደገማል። ማንም ማንንም አይለምንም፤ ማንም ከማንም በላይ አይቀመጥም። በምግብ ቤት ግን አንዱ ተቀምጦ ይሰጣል፣ ሌላው ቆሞ ይቀበላል። አስተናጋጇ መልሳ ልታጎርሰን አትችልም። የምትመልስልን ፈገግታ ነው፤ ፈገግታውም ከልብ ይምጣ ወይም ከቤት ኪራይ ጭንቀት ይምጣ ለይተን አናውቅም።

በአገራችን እንግዳ ተቀብሎ ሂሳብ ማስከፈል የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰው ለበላው መክፈል ነውር ይመስለው እንደ ነበርና፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው፣ በልተውና ከፍለው እንዳለማመዱ ሲነገር እንሰማለን። እንግዲህ ለምግቡ መክፈልን ተማርን። ምግቡን ላቀረበልን ሰው ጉልበት በሚገባ መክፈልን ግን ገና አልተማርንም፤ ጉድለቱን በጉርሻ ሸፍነነዋል።

ዛሬ በብዙ ሆቴሎችና ሻል ባሉ ምግብ ቤቶች የሚመጣውን ሂሳብ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የ400 ብር ምግብ ብንበላ፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ 40 ብር ይጨመራል፤ በ440 ብሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 66 ብር ይሆናል፤ ድምሩ 506 ብር ይመጣል። ታክሱ ለመንግሥት እንደሚሄድ እናውቃለን። 40 ብሩ ግን ወዴት ይሄዳል? በአንዱ ቤት ለሠራተኞች ይከፋፈላል፤ በሌላው ቤት በባለቤቱ ኪስ ቢቀር የሚጠይቅ የለም። ተመጋቢው «ከፍያለሁ» ብሎ ጉርሻውን ያስቀራል፤ አስተናጋጇም ከሁለቱም ሳታገኝ ትቀራለች።

ነገሩ ከኪስ ሳንቲም ያለፈ መሆኑን ለማየት ሕጉን መግለጥ ይበቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከደንበኞች የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቆጥረውም። በግል ድርጅት ለሚሠሩ ሰዎች ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚዋጣውም በደመወዙ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል በወር 2,000 ብር ደመወዝና 4,000 ብር ጉርሻ የምታገኝ አንዲት አስተናጋጅ እናስብ። የምትኖረው በ6,000 ብር ነው፤ አሠሪዋ ለጡረታዋ የሚያዋጣው ግን የ2,000 ብሩን 11 በመቶ፣ ማለት 220 ብር ብቻ ነው። ሁሉም ደመወዝ ቢሆን ኖሮ 660 ብር ይሆን ነበር። ስትወልድ አዋጁ የ120 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣታል፤ ደመወዟ ግን 2,000 ብር ነው። ጉርሻ የወሊድ ፈቃድ የለውም። ስትታመም፣ ስትባረር፣ ስታረጅ ጉርሻው አብሯት አይሄድም። እንግዲህ በጠረጴዛው ላይ የምንተወው ብር የዛሬ ራቷን ሲሸፍን፣ አሠሪዋን ከነገው ዕዳ ነጻ ያወጣዋል ማለት ነው።

ይህ ዘዴ በእኛ አገር አልተፈጠረም። በአሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የፑልማን ኩባንያ በመኝታ ባቡሮቹ ላይ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን አሳላፊ አድርጎ ቀጠረ። ደመወዛቸው አነስተኛ ስለ ነበረ ኑሮአቸው በተሳፋሪው ጉርሻ ላይ ተንጠለጠለ። ተሳፋሪውም ስማቸውን ሳይጠይቅ ሁሉንም በኩባንያው መሥራች ስም «ጆርጅ» ይላቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች በ1925 እ.ኤ.አ. በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር መሠረቱ፤ ከ12 ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ኩባንያውን አስፈርመው ደመወዛቸውን አስጨመሩ፣ የሥራ ሰዓታቸውንም አስቀነሱ። ይህን ያገኙት ተሳፋሪው ስለ ራራላቸው ሳይሆን ስለ ተባበሩ ነው።

«እኛ ተማሪዎች ነን፤ ለራሳችን የሌለንን ከየት አምጥተን እንስጥ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። አንድ ሽሮ ለሁለት ተካፍሎ የሚበላ ተማሪ ጉርሻ ባይተው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ አስተናጋጅን በጭብጨባ መጥራት፣ በዕድሜ የምትበልጠንን ሴት «አንቺ» ማለት፣ ወጥ ቤቱ ለዘገየው በእርሷ ላይ መጮኽ ከድህነት የመጣ አይደለም። ደግሞም በሴት ጓደኛው ፊት መቶ ብር እያውለበለበ ሰጥቶ፣ ብቻውን ሲመጣ መልሱን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለቅሞ የሚሄድ አለ። የዚህ ሰው ጉርሻ ለአስተናጋጇ ሳይሆን ለራሱ ነው።

«ጉርሻ ሠራተኛን ያተጋል» የሚልም አለ። ታዲያ መምህራችን ጥሩ ሲያስተምር ለምን በጠረጴዛው ላይ ዐሥር ብር አንተውለትም? የሚተጋው በሙያውና በደመወዙ መሆን እንዳለበት ስለምናውቅ ነው። እንጀራውን ከፊቱ ከቆመው ሰው እጅ መጠበቅ የለመደ ሠራተኛ ለሰጠው ይፈጥናል፣ ላልሰጠው ይዘገያል። ይህ በምግብ ቤት ሲሆን ወጥ ይቀዘቅዛል። በመሥሪያ ቤት ሲሆን ግን የድኻ ፋይል ከመዝገብ ቤት አይወጣም። እዚያ «ለሻይ» እንለዋለን፤ የሕግ ስሙ ጉቦ ነው። አስተናጋጇና ጉቦኛው አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ እርሷ የሠራችበትን ነው የምትቀበለው። ነገር ግን የሥራን ዋጋ በባለጉዳዩ መልካም ፈቃድ ላይ መጣልን የለመደ ኅብረተሰብ፣ ልማዱ የት ላይ እንደሚቆም አያውቅም።

እንግዲህ ጉርሻ አንስጥ ማለቴ ነውን? አይደለም። ደመወዙ ሳይስተካከል ዛሬ ጉርሻውን ብናስቀር የምንቀጣው አሠሪውን ሳይሆን አስተናጋጇን ነው። ያለው ይስጥ፤ ሲሰጥም በአክብሮት ይስጥ። ከዚህ ጋር ግን በሂሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ተጽፎ ስናይ ለማን እንደሚደርስ እንጠይቅ። ማኅበራችንም በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ያሉትን የምግብ ቤት ባለቤቶች ያነጋግር፤ ክፍያውን ለሠራተኞቻቸው በትክክል የሚያካፍሉትን ቤቶች ስም በዚህ መጽሔት ያውጣልን። ያው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ይናገራል። የሕግና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ይህን አንቀጽ አጥንተው ለአስተናጋጆች ቢያስረዱ ከማንኛውም ጉርሻ የበለጠ ስጦታ ይሆናል።

ነገ ከመካከላችን ሆቴል የሚከፍት፣ ሕግ የሚያረቅቅ፣ በመሥሪያ ቤት ወንበር የሚቀመጥ አለ። ያን ጊዜ የሠራተኛውን እንጀራ በራሱ ደብተር ይጻፍ እንጂ በእንግዳው ርኅራኄ ላይ አይጣለው። አስተናጋጇ ደመወዟን ከአሠሪዋ ሙሉ ስትቀበል ጉርሻም ወደ ጥንት ትርጉሙ ይመለሳል፤ እኛም የምንሰጣት ስለ ወደድን፣ እርሷም የምትቀበለን ሳትቸገር ይሆናል።