አምስት ጊዜ የወረደው ህሬይዳርሰን “እግረ ደረቅ” ነበር?

የአይስላንዱ ተከላካይ ሄርማን ህሬይዳርሰን በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከ300 በላይ ጨዋታዎችን ያደረገ፣ የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫም ያነሳ ተጫዋች ነው። ስሙ ሲነሳ ግን ብዙዎች ቀድሞ ትዝ የሚላቸው ሌላ ነገር ነው። ክሪስታል ፓላስ በ1998፣ ዊምብልደን በ2000፣ ኢፕስዊች ታውን በ2002፣ ቻርልተን በ2007፣ ፖርትስማውዝ በ2010 (ሁሉም እ.ኤ.አ) ከፕሪሚየር ሊጉ ሲሰናበቱ ሰውየው በአምስቱም ቡድኖች ውስጥ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ተጫዋች የእኛ ሰው “እግረ ደረቅ” የሚል ስም አለው።

ለመሆኑ ስሙ ይገባዋል? ቡድን ሲወርድ ጣት ቶሎ የሚቀሰረው ወደ ተከላካዮቹ ነው። የህሬይዳርሰንን አምስት ቡድኖች አንድ በአንድ ለተመለከተ ግን ችግሩ ከሜዳው ይልቅ ከቢሮው የመነጨ ይመስላል።

ከአይስላንዱ አይ ቢ ቪ በ1997 የተቀላቀለው ፓላስ በሜዳው የመጀመሪያውን የሊግ ድል ያገኘው የውድድር ዘመኑ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ነበር። በወረደ በዓመቱም በዕዳ ተዘፍቆ በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። ህሬይዳርሰን ከዚያ ወደ አራተኛው እርከን ወርዶ ለብሬንትፎርድ ፈረመ፤ በ1999ም የዲቪዚዮኑን ሻምፒዮንነት አገኘ። ዊምብልደን 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የመለሰው ይሄኔ ነው። ዊምብልደን ደግሞ የራሱ ሜዳ እንኳ የሌለው፣ በፓላስ ስታዲየም ተከራይቶ የሚጫወት ክለብ ነበር። በ2003 ጭራሽ ከተማውን ለቆ ወደ ሚልተን ኪንስ ተሰደደ።

የኢፕስዊች ታሪክ ደግሞ ለ“እግረ ደረቅ” ባዮቹ አይመችም። በ2000 ወደ ሊጉ ያደገው ቡድን ለአይስላንዳዊው 4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አወጣ። በጆርጅ በርሌይ እየተመራም በመጀመሪያው ዓመት አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። አዲስ ላደገ ክለብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በቀጣዩ ዓመት በዩኤፋ ካፕ ኢንተር ሚላንን በሜዳው 1ለ0 ቢያሸንፍም ሳን ሲሮ ላይ 4ለ1 ተረታ፤ በሊጉም ወረደ። የአውሮፓን ገቢ ተማምኖ ወጪውን ያበዛው ክለብ በ2003 ኪሱ ባዶ ሆነ። ህሬይዳርሰንም ለቻርልተን ተሸጠ።

በቻርልተንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በአለን ከርቢሽሊ ዘመን በ2004 ሰባተኛ ሆኖ የጨረሰው ቡድን፣ አሰልጣኙ በ2006 ሲለቁ ተንገዳገደ። ኢያን ዶዊ፣ ሌስ ሪድና አለን ፓርዲው በአንድ የውድድር ዘመን ተፈራረቁበት። ሦስት አሰልጣኝ በተቀያየረበት ቡድን ውስጥ የግራ መስመር ተከላካዩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ፖርትስማውዝ የመጨረሻው ማስረጃ ነው። በሃሪ ሬድናፕ የሚመራው ቡድን በነጻ ካስፈረመው በኋላ፣ ሜይ 17 ቀን 2008 ዌምብሌይ ላይ በንዋንኩ ካኑ ጎል ካርዲፍን 1ለ0 ረትቶ ኤፍ ኤ ካፑን ወሰደ። የዕለቱ የኋላ መስመር ዴቪድ ጄምስ፣ ግሌን ጆንሰን፣ ሶል ካምፕቤል፣ ሲልቫን ዲስታንና ህሬይዳርሰን ነበሩ። ዋንጫው በተነሳ በሁለት ዓመቱ ግን ክለቡ የተጫዋቾቹን ደመወዝ በወቅቱ መክፈል አቃተው። በዕዳ ምክንያት ዘጠኝ ነጥብ ተቀንሶበትም ወረደ። ህሬይዳርሰን ራሱ በማርች 2010 ከቶተንሃም ጋር ሲጫወቱ የተረከዙ (አኪለስ) ጅማት ተበጥሶ ከሜዳ ርቆ ነበር።

ይባስ ብሎ በ2012 መጀመሪያ ፖርትስማውዝን ለቆ ወደ ኮቨንትሪ ሄደ። በዚያው ዓመት የሄደበት ኮቨንትሪም፣ ጥሎት የመጣው ፖርትስማውዝም ከቻምፒዮንሺፑ አብረው ወረዱ። እሱ ኖረም አልኖረም የሚወርድ ክለብ ወረደ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ህሬይዳርሰን ቡድንን ብቻውን የሚያድን ኮከብ አልነበረም። በጉልበቱ፣ በአየር ላይ ኳስና በማያወላውል ታክሉ የሚታወቅ፣ በግራም በመሐልም የሚሰለፍ ሠራተኛ ተከላካይ ነበር። የዚህ ዓይነት ተጫዋች ፈላጊው ደግሞ በአብዛኛው ከመካከለኛው ደረጃ በታች ያለ ክለብ ነው። ለውድቀት የቀረበ ቡድን ሲጠራው ሄደ፤ ቡድኑ ሲወድቅም ሌላ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ አነሳው። ገበያው “እግረ ደረቅ” ነው ብሎ ቢያምን ኖሮ ደጋግሞ ገንዘብ አያወጣበትም ነበር።

ለአይስላንድም ከ1996 እስከ 2011 ድረስ 89 ጨዋታዎችን አድርጓል። አገሪቱ በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝን 2ለ1 ጥላ ሩብ ፍጻሜ ስትገባ እሱ ጫማውን ሰቅሎ ነበር። ትልቁ ድግስ አመለጠው።

የሥራ ጓደኞቹ ፍርድ ግን ከተረቡ ይልቅ ይመዝናል። በ2013 አይ ቢ ቪን ሲያሰለጥን ዴቪድ ጄምስ አይስላንድ ድረስ ሄዶ ተጫወተለት። ጄምስ በ2018 የሕንዱን ኬረላ ብላስተርስ ሲይዝ፣ ሶል ካምፕቤልም በ2019 ሳውዝኤንድን ሲረከብ ረዳት አድርገው የመረጡት እሱን ነው። ከጎኑ ቆመው የተከላከሉት ሰዎች ገዱን አልፈሩትም።