ስለ ፎቶግራፍ አንሺነት ሙያ

የሰው መልክ በዕድሜና በሞት ያልፋል፤ በፎቶግራፍ የተያዘው መልክ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ይህንንም ለማስተዋል ወደ ለቅሶ ቤት መሄድ ይበቃል። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ በመልካም ሁኔታ ተነሥቶ ያልተወው ፎቶግራፍ ከሌለ፥ ቤተ ሰቡ ከመታወቂያው ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶግራፍ አሳድጎ ይዞ ሲያለቅስ ይታያል። ስለዚህ ሰውን በክብሩ ልክ ማንሣት እንደ ቀላል ነገር ሊቈጠር የሚገባው ሥራ አይደለም።

ሙያው በአዲስ አበባ የቆየ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ፤ ልጆቹም ሃይጋዝና ቶኒ የአባታቸውን ሙያ ወርሰዋል። ከኢትዮጵያውያንም ወገን ሽመልስ ደስታ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በዚሁ ሥራ አገልግሏል፤ ያነሣውንም ጠብቆ በማቈየቱ ከአገር ከወጣ በኋላ ሥራው በለንደን ከተማ ለሕዝብ ታይቷል። እነዚህ ሁሉ በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ሠርተዋል። የዛሬው ወጣት ግን ያለ ደመወዝና ያለ ሱቅ፥ ካሜራውን በትከሻው አንግቶ በየደጁ እየዞረ ለመኖር ይደክማል።

ለዚህ ነገር ቂርቆስና ካዛንቺስ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የእንግዳና የስብሰባ ሰፈር ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። የፈረሰውን ቤት መልሶ ማቆም አይቻልም፤ በዚያ ቤት ደጃፍ ቆመው የተነሡት ባልና ሚስት ፎቶግራፍ ግን የት እንደ ኖሩ ለልጆቻቸው ይመሰክራል።

የሙያው እንጀራ ዱሮ በአብዛኛው ጉርድ ፎቶግራፍ ነበር። ዛሬ ግን ለፓስፖርትና ለፋይዳ መታወቂያ ባለጉዳዩ በዚያው በሚመዘገብበት ስፍራ ይነሣል፤ ለቀረውም ነገር ሰው ሁሉ በእጅ ስልኩ ራሱን ያነሣል። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺው ስልክ የማይሰጠውን ካልሰጠ ገበያ አያገኝም። ይህም የብርሃንን ጠባይ ማወቅ፥ የሚነሣውን ሰው ፍርሃት በመልካም ንግግር ማራቅና መልኩን ሳይለውጡ ክብሩን መግለጥ ነው። ደንበኛም በማስታወቂያ ብቻ አይገኝም፤ በሠርግ፥ በምረቃና በክርስትና በዓል አንድ ቤተ ሰብ ደስ ብሎት ሲሄድ ለጎረቤቱ ይነግራል። ዋጋን አስቀድሞ መናገር፥ ለተቀበሉት ቀብድ ደረሰኝ መስጠት፥ በተባለው ቀን ማስረከብ፥ ሥራውን ሁሉ ስምና ቀን ጽፎ በሁለት ስፍራ ማስቀመጥ የዚህ እንጀራ መሠረት ነው።

ከሁሉም በላይ መታመን ይበልጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፥ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ለታወቁ ሰዎችና ለሕዝብ ጉዳይ ግን በሚቀጥለው ቍጥር ልዩ ወሰን አድርጓል። እናት ለቤቷ ያስነሣችውን የልጇን መልክ ሳያስፈቅድ ለማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው እንግዲህ ሕግንም አደራንም ያፈርሳል። በሌላ በኩል አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት ጥበቃ ሰጥቷል። የሌላውን ሥራ ሳይከፍሉ ወስደው በመጽሔትና በግድግዳ ላይ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሊያስቡ ይገባቸዋል።

ሹማምንት ለብቻው የሚሠራውን ሰው ሱቅ መከራየት ሳያስገድዱ ፈቃድ የሚያገኝበትንና እንደ ገቢው መጠን ግብር የሚከፍልበትን መንገድ ቢያቃኑለት፥ ካሜራ የያዘውን ሁሉ በጥርጣሬ ከማባረር ይልቅ የተፈቀደውንና የተከለከለውን ስፍራ በጽሑፍ ቢያስታውቁ፥ አገር ትጠቀማለች። ካህናትም ምእመናን ሽማግሎቻቸውን በሕይወት ሳሉ እንዲያስነሡ ቢመክሩ፥ በቅዳሴም ጊዜ ፎቶግራፍ አንሺው የት እንደሚቆም ቢያስረዱት መልካም ነው። ወጣቱም ሙያውን በትዕግሥት ይያዝ፤ የሰው መልክ የተሰጠው አደራ ነውና አደራውን የጠበቀ ሰው እንጀራ አያጣም።