ተጫነ እንጂ አልተለጐመም

አገሩን ለቆ በባዕድ ምድር የኖረ ደራሲ ሥሩ እንደ ተነቀለ ዛፍ ነው፤ ድርሰቱም የማንም አይደለም እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። ለዚህም ምስክር አድርገው ከአገሩ የወጣ ሰው እስኪመለስ ድረስ እንደ አህያ ይጫናል፣ እንደ ፈረስም ይለጐማል የሚለውን የአባቶችን ተረት ይጠቅሳሉ። እኛ ተረቱን እናከብራለን፤ በደራሲው ላይ የሚሰጡትን ፍርድ ግን አንቀበልም። ምክንያታችንንም በአንድ ሰው ሕይወት እናስረዳለን። እርሱም በጃማይካ የተወለደው ልብ ወለድ ጸሐፊና ባለቅኔ ክሎድ ማኬይ ነው። ዘመኖቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1912 ማኬይ በአገሩ ገበሬዎች አነጋገር የጻፋቸው ሁለት የግጥም መጻሕፍት ታተሙለት። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲህ ጃማይካን ዳግመኛ አላያትም። እንጀራውን ለማግኘት በምድር ባቡር ላይ ምግብ አሳላፊ ሆኖ ሠራ። በ1922 ወደ ሞስኮ ሄደ፤ ከዚያም በጀርመን፣ በፈረንሳይና በሞሮኮ እየተዘዋወረ እስከ 1934 ቆየ። ድኽነትና ሕመም አልተለዩትም። መጫንስ ተጭኗል፤ ይህን አንክድም።

ነገር ግን የለጐመው ማን ነው? በ1919 በአሜሪካ ከተሞች ጥቁሮች በግፍ ሲገደሉ፣ ወገኖቹ ሳይዋጉ እንዳይሞቱ የሚያደፋፍር ግጥም አወጣ። በ1928 ስለ ሃርለም ሠራተኞች የጻፈው ልብ ወለድ ሲወጣ፣ ታላቁ ሊቅ ዱ ቦይስ መጽሐፉን ካነበበ በኋላ ገላውን መታጠብ እንዳሰኘው ጻፈበት። ማኬይ ግን የተማሩትን ደስ ለማሰኘት ብሎ ድኻውን ከድርሰቱ አላስወጣም፤ በማግሥቱ ዓመት ስለ ማርሴይ ወደብ ተንከራታቾች ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። በ1933 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ተምራ ወደ ጃማይካ መንደሯ ስለ ተመለሰች ልጃገረድ የጻፈው ልብ ወለድ ወጣ። ያን ጊዜ ከአገሩ ከራቀ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሥሩ የተነቀለ ዛፍ እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራልን?

እኛን በቀጥታ የሚነካው ግን ይህ ነው። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር የሃርለም ጥቁሮች ለአገራችን ተሰለፉ፤ ከድኽነታቸውም ገንዘብ አዋጡ። ማኬይ በ1941 ያንን ዘመን በልብ ወለድ ጻፈው። ከባለ ታሪኮቹም አንዱ ወደ ሃርለም የተላከ ኢትዮጵያዊ ልጅ ነው፤ ልጅ የምንለው በማዕረግ ነው። ማኬይ በ1922 በኮሚንተርን ጉባኤ ላይ በወዳጅነት የተናገረ ሰው ሲሆን፣ በዚህ መጽሐፍ ግን ኮሙኒስቶች የኢትዮጵያን ጉዳይ ለፓርቲያቸው መጠቀሚያ አደረጉት ብሎ ከሰሳቸው። ክሱ የበዛበት ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ልጓም የገባለት ሰው ግን እንዲህ አይጽፍም። አሳታሚው መጽሐፉን አልቀበልም አለው። ማኬይም ሳይታተምለት በ1948 በሺካጎ ሞተ። ጽሑፉ በ2009 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተገኝቶ በ2017 ለንባብ በቃ።

ስለ አገራችን መከራ የተጻፈው ይህ መጽሐፍ ሰባ ስድስት ዓመት ተደብቆ ኖረ። አሁን ከወጣ በኋላስ ስንቶቻችን አነበብነው? በ1936 ወደ አሜሪካ ተልከው በሃርለም ስለ ኢትዮጵያ የደከሙትን ዶክተር መላኩ በያንን የምናስታውስ ሰዎች፣ በዚያ የተቀበላቸውን ሕዝብ ታሪክ ሳናውቅ መቅረታችን ያሳፍራል። ስለዚህ መጽሐፉ በአማርኛ ይነበብ፤ ተማሪዎቻችንም ይወቁት እንላለን።

ዛሬም በዋሽንግተን ወይም በሌላ ባዕድ ከተማ ተቀምጦ፣ ቀን ለእንጀራው ሲደክም ውሎ ሌሊት በአማርኛ የሚጽፍ ወገን አለን። እርሱን ለምን ወጣህ ብለን ከመንቀፋችን በፊት ድርሰቱን እንመርምር። ደካማ ቢሆን እንንቀፈው፤ መልካም ቢሆን የእኛ ነውና እንቀበለው። ደራሲ የሚመዘነው በሚያድርበት ቤት አይደለም፤ በልቡ ተሸክሞ ባቈየው ነገር ነው።